ሐረጎን ስወጣ ብቻ ዘይት የሚያፈስ ሞተር ሳይክል

ከኮምቦልቻ ደሴ የምመላለስበት አሮጌ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ዘይት ያፈሳል። ቆሞ ሲያድር ከሥሩ አንድ ጠብታ የለም፤ የሐረጎን አቀበት ጨርሼ ደሴ ስገባ ግን የቀኝ ጫማዬ በዘይት ርሷል። የሲሊንደሩ የታችኛው ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ስስ ማሸጊያ) ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ሁለተኛው መካኒክ ጭራሽ ሲሊኮን ለቀለቀበት፤ እሱም ሳምንት አልቆየም። ትናንት ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሼበት ወጣሁ። ፓውደሩ መጀመሪያ የረጠበው ከላይ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) አጠገብ ነው! ታዲያ እስካሁን የቀየርነው ያልታመመውን ነበር? ወይስ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖ፣ ወይም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ፣ ግፊቱ ዘይቱን እያስወጣው ይሆን? ጭስ አያወጣም። ቴስታታውን ከማስፈታቴ በፊት የትኛው እንደሆነ መለያ ዘዴ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።