መጸለይ አቃተኝ፤ ምን ላድርግ?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፍላችሁ። ቤቴ ፒያሳ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ አልጋዬ ድረስ ይሰማል። ድሮ ነጠላዬን አንስቼ እሮጥ ነበር። አሁን ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ።

የእናቴ ኩላሊት ከደከመ ስምንት ወር ሆነው። በሳምንት 3 ቀን እጥበት እወስዳታለሁ። ስለት ተሳልኩ፣ በየወሩ በ23 ጧፍ አበራሁ፣ ጸበልም ወሰድኳት። ለውጥ የለም።

ከሕመሙ በላይ የሰበረኝ ግን የአንዲት ጎረቤት ንግግር ነው። «እምነትሽ ቢጠነክር ኖሮ ትድን ነበር» አለችኝ። የኢዮብ ወዳጆችም ጥፋቱን በእሱ ላይ ነበር የፈለጉት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ይሄን አውቃለሁ። ሮሜ 8 ላይ ሞትም ቢሆን ከእግዚአብሔር ፍቅር እንደማይለየን መጻፉንም አውቃለሁ። ማወቄ ግን ከእጥበት ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ እጇ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ አልደረሰልኝም።

ማታ ማታ ዳዊቷን ትሰጠኝና «አንብቢልኝ» ትለኛለች። ዓይኗ ደክሟል። የገጾቹ ጠርዝ በጧፍ ሰም ጠቁሯል። መሀል ላይ ድምፄ ይቆረጣል። እሷ ከአፌ ተቀብላ በቃሏ ትጨርሰዋለች።

እንዲህ ያለ ጊዜ ያለፋችሁ፣ እንዴት ጸለያችሁ? እግዚአብሔርን «ለምን?» ማለት ድፍረት ነው? ለንስሐ አባቴ መናገር አፍሬአለሁ፤ ከየት ልጀምር? እባካችሁ «በርቺ» ብቻ አትበሉኝ። እናንተ ራሳችሁ ያደረጋችሁትን ንገሩኝ። ዛሬ ማታም «አንብቢልኝ» ማለቷ አይቀርም።