ግንቡን ያቀፈው ዛፍ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

አጥር ዳር፦
ጎንደር፣ የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ግንቡን ጠምጥመው የያዙት የዛፍ ሥሮች ለፎቶ ያምራሉ፤ ድንጋዩን ግን እየፈለቀቁት ነው። እንዲህ ያለ ጥንታዊ ግቢ ሲጠገን ሥሩን ቆርጦ ግንቡን ማዳን አይሻልም ወይ? ቅርሱ ግንቡ ብቻ ነው ወይስ ዛፉም? ስንጥቅ እየሰፋ መሆኑስ በምን ይታወቃል?

ኖራ፦
በአንዴ ቆርጦ መጣል የባሰ ጥፋት ነው። ድንጋዩን የገፋው ሥር፣ ዛሬ ደግፎ የያዘውም እሱ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ግንቡ ውስጥ የቀረው ክፍል ይበሰብስና ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ክረምት ውኃ ይገባበታል፣ ግንቡም ያን ጊዜ ይናዳል። አንዳንዴ ከቆረጡት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የሚወርደው፤ ለዚህ ነው ጥፋቱን ከመጋዙ ጋር የሚያያይዘው ሰው የሚጠፋው።

ስንጥቁን ለመከታተል ግራና ቀኝ አንዳንድ የማይዝግ ብሎን ቅበሩና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በወር አንዴ በካሊፐር (ትንሽ ርቀትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለክታችሁ ከነቀኑ መዝግቡ። ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፎ ጀሶው መሰንጠቁን ማየትም አለ፤ ደጅ ላይ ግን ዝናብ ያጥበዋል። ስንጥቁ በክረምትና በበጋ መጠኑ ስለሚለዋወጥ ሙሉ ዓመት ሳይለካ ፍርድ አይሰጥም።

ክፍተቱን ስትሞሉ ሲሚንቶ አታስጠጉ። ከአሮጌው ድንጋይ ይልቅ ይጠጥራል፣ እርጥበቱንም ውስጥ ያፍናል፤ በመጨረሻ የሚላጠው ድንጋዩ ነው። አንድ እጅ የበሰለ (በውኃ የተዘፈዘፈ) ኖራ ለሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ይበቃል። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ለሳምንት ያህል እርጥብ ጆንያ ይሸፈንበት።

ሾላ፦
«ዛፉም ወይ?» ላልከው፣ አዎ። የ1981 እ.ኤ.አ. የፍሎረንስ ቻርተር፣ ስለ ታሪካዊ አትክልት ስፍራዎች አጠባበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ታሪካዊ የአትክልት ስፍራን ሕያው ሐውልት ብሎ ነው የሚያየው፤ ጥገናውም ክፍሎቹን ሁሉ በአንድነት ይመለከታል። ግንቡን ለአንዱ፣ ዛፉን ለሌላው ባለሙያ ለየብቻ ማደል እዚህ ላይ አይሠራም።

ይህ ሲባል ግን የበቀለው ሁሉ ይከበር ማለት አይደለም! የነዋርካ ዘር በወፍ ኩስ መጥቶ በግንብ ስንጥቅ ይበቅላል። እርሳስ ሳያክል፣ ክረምት ወጥቶ ግንቡ ገና እርጥብ ሳለ ከነሥሩ ንቀሉት። ጫፉን ብቻ ከቀጠፋችሁት መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩም ውስጥ ለውስጥ መወፈሩን አይተውም።

አጥር ዳር፦
ገባኝ። ለጎብኚ ተብሎ ዙሪያውን ድንጋይ ቢነጠፍስ?

ዝግባ፦
ከሥሩ ክልል ውጪ ከሆነ ይሁን። ግንዱን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ለኩና ውፍረቱን (ዙሪያውን አይደለም፣ ስፋቱን) በ12 አባዙት። 80 ሴንቲሜትር ከሆነ ከግንዱ 9.6 ሜትር ድረስ አይቆፈርም፣ አፈር አይደለደልም፣ ሲሚንቶ አይፈስም። እንደ ጥምቀት ያለ ብዙ ሕዝብ የሚቆምበት መሬት ይጠቀጠቅና ሥሩ አየር ያጣል። እዚያ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር የተፈጨ ቅርንጫፍ አልብሱት፤ ግንዱን ግን አያስነካ፣ ልጡ ይበሰብሳል።

ያረጀው ዛፍ ሳይሞት ከራሱ ቅርንጫፍ ችግኝ አፍሉ። ቶሎ ያድጋል ተብሎ ባሕር ዛፍ መተካት ስህተት ነው፤ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ስለሆነ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ግቢ ጋር አይዛመድም።

ኖራ፦
አንድ የተረሳ ነገር፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የብሎኑን ልኬት መዝገብና ፎቶውን ከማመልከቻው ጋር አያይዙት፤ ብሎኑን ለመቅበርም ቢሆን ቀድማችሁ ጠይቁ።