የድምፅ ሌዘር ላይ ተጣብቄያለሁ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። በብርሃን ፋንታ ንዝረትን ስለሚያጎላ ሌዘር ለክፍል ሴሚናር እያዘጋጀሁ ነው። የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን ውስጥ የተሠራውን ሙከራ ነው። በማክስ ፕላንክ የኳንተም ኦፕቲክስ ተቋም አንዲት የማግኒዚየም አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላት አተም) በኤሌክትሪክ መስክ አጥምደው ሁለት የሌዘር ጨረር ለቀቁባት። አዮኗ ከምትመጥጠው ፍሪኩዌንሲ ትንሽ ዝቅ ያለው ጨረር ንዝረቷን ያበርዳል። ከፍ ያለው ደግሞ ያጎላዋል። ማጉላቱ ከማብረዱ ሲበልጥ አዮኗ በአንድ ወጥ ምት መወዛወዝ ትጀምራለች። እስከዚህ ገብቶኛል፤ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው።

የተጣበቅኩት እዚህ ጋ ነው። በተለመደው ሌዘር ከታችኛው ይልቅ በላይኛው የኃይል ደረጃ ላይ ያሉ አተሞች መብዛት አለባቸው። እዚህ ያለችው ግን አንዲት አዮን ብቻ ናት! ታዲያ ያንን መብዛት የሚተካው ምንድን ነው?

ሌላም አለ። ማይክ ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚሰማው ጩኸትም ራሱን እያጎላ የሚሄድ ድምፅ ነው። የድምፅ ሌዘር፣ ማለትም የፎኖን ሌዘር (ፎኖን ትንሿ የንዝረት ኃይል ቅንጣት ነው)፣ ከዚህ በምን ይለያል? አንድ ፎኖን አምሳያውን ፎኖን ስለሚያስወጣ ነው?

ቀመር ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ ግን እባካችሁ በቃል አስረዱኝ። ሴሚናሩ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።