ሦስት ዓመት ሙሉ የሚሸነፍ ቡድን፦ የወንድሜ ልጅ ይቀይር ወይስ ይጽና?

ዘሃራ ከደሴ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቤዝቦል የሚያውቅ ሰው ካለ ምክር ፈልጌ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቺካጎ ነው የሚኖረው። ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። መጀመሪያ እንደሄደ ብቸኝነቱ ሲከብደው አንድ የሥራ ባልደረባው ጨዋታ በሬዲዮ መስማት አስለመደው። ቤቱ ከተማው ደቡብ ስለሆነ ቡድኑም ቺካጎ ኋይት ሶክስ ሆነ። የሰሜኑ ሰው ካብስን ነው የሚደግፈው። ይሄ የኛ ቡድን እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ162 ጨዋታ 121ዱን ተሸነፈ። ያሸነፈው 41 ብቻ ነው። ከ1900 ወዲህ በአንድ ዓመት ይህን ያህል የተሸነፈ ቡድን የለም።

የዚያን ክረምት ነገር ልንገራችሁ። እነሱ ጋ የማታ ጨዋታ ሲያልቅ እኛ ጋ ሊነጋ ሲል ነው። ሱብሂ ሰግጄ መስገጃዬን ሳጥፍ ስልኬ ይጠራል። "ዛሬስ?" እለዋለሁ። "ዛሬም" ይለኛል። ሌላ ወሬ የለም። ከሐምሌ 3 ጀምሮ በተከታታይ 21 ጨዋታ ተሸነፉ። ሐምሌ 30 ጠዋት ግን አልደወለም፣ ጨዋታው ወደ ምዕራብ ኦክላንድ ስለነበር በጣም አምሽቶ ነው የሚያልቀው። በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ፣ ከሰል እያያያዝኩ ደወለና ዝም አለ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ሰው የሞተ መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቆይቶ "5 ለ 1 አሸነፍን" አለኝ። እማዬ ከጓዳ "ምነው፣ ልጄ ምን ሆነ?" ስትል "አሸነፈ" አልኳት። ማን ማንን እንዳሸነፈ ሳትጠይቅ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ወንድሜ የ9 ዓመት ልጅ አለው። ልጁ ነፍስ አውቆ ጨዋታ ማየት ከጀመረ ወዲህ ቡድኑ በ2023 101፣ በ2024 121፣ በ2025 ደግሞ 102 ጊዜ ተሸንፏል። ሌላ ነገር አላየም። ትምህርት ቤት ይስቁበታል። ጥቁሯን ኮፍያ ከቤት አድርጎ ይወጣና በር ላይ ሲደርስ አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይከታታል፤ አባቱ በመስታወት አይቶታል። ባለፈው "አባዬ፣ ካብስ ብሆን ትቆጣለህ?" አለው። ወንድሜ መልስ አጣ። "እስቲ አንቺ ምን ትያለሽ?" ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

እንዲህ የሚሸነፍ ክለብ ከሊጉ የማይወርደው ለምንድነው? ልጁንስ ምን እንበለው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እህቴ አብሽሪ፣ እኔ ቤዝቦል ዓመታት ተከታትያለሁ፣ የምችለውን ልበልሽ።

መጀመሪያ ቤዝቦል ላይ ሽንፈት እንደ እግር ኳስ አይታይም። በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታሉ። በጣም ጎበዝ የሚባለው ቡድንም በዓመት 60 ጊዜ ገደማ ይሸነፋል። 100 ከደረሰ ግን ውርደት ነው። 121 ሲሆን ምን እንደምለው አላውቅም። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ የኒውዮርክ ሜትስ ነበር፤ በ1962፣ ገና በተመሠረቱበት ዓመት 120 ተሸንፈው ነበር። ያ አዲስ ቡድን ነው፣ ሰበብ አለው። ኋይት ሶክስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክለብ ነው። በ2005 ሂዩስተንን 4 ለ 0 ጠርጎ የአሜሪካ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው።

ደግሞ በአንድ ቀን አልወደቀም፣ እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። በ2021 93 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት 81። ከዚያ 61። ከዚያ 41። ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቁልቁል ሄደ። በመሀል የተጎዳ ተጫዋች አለ፣ ጊዜው ሲደርስ የለቀቀ አለ፣ የተሸጠም አለ። ዲላን ሲስ የሚባለውን ምርጥ ወርዋሪያቸውን ልክ የ2024 ውድድር ሊጀመር ሲል ለሳንዲያጎ ሰጡት። ያለ ወርዋሪ ቤዝቦል ያለ በረኛ እግር ኳስ ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ 25 ጨዋታዎች 3 ብቻ አሸነፉ። በዓመቱ ያስቆጠሩት 507 ነጥብ ከ30ዎቹ ክለቦች ትንሹ ነው፣ የተቆጠረባቸው ደግሞ 813። አሰልጣኙ ፔድሮ ግሪፎል የ21ዱ ሽንፈት በተቋረጠ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ።

ለምን አይወርዱም ላልሽው፣ ሊጉ ዝግ ነው። 30 ክለብ ነው፣ መውረድም መውጣትም የለም። እንዲያውም ደካማው ክለብ ወጣት ተጫዋች ሲመረጥ ቀድሞ እንዲያነሳ ይደረጋል። ግን የኋይት ሶክስ ዕድል እዚህም ላይ ጠመመ። ሆን ብሎ መሸነፍን ለመከላከል በቅርቡ የዕጣ ሥርዓት አምጥተዋል፤ ገቢው ከፍ ያለ ክለብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከዕጣው አይጠቀምም። ስለዚህ 121 ጊዜ ተሸንፎ በ2025 የደረሰው 10ኛ ምርጫ ነው።

ልጁን በሚመለከት ሌሎቹ ይበሉ።

የወልዲያው

ልጆች፣ እኔ ስለ ቤዝቦል አላውቅም። ዱላና ኳስ ያለበት ጨዋታ እኔ የማውቀው ገናን ነው። ስለ መውረድ ግን አውቃለሁ።

ወልዲያ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ፣ ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2009 ያ ትልቅ ስታዲየም ሲመረቅ፣ የከተማው ሰው እንዴት እንደሆነ እዚያ የነበረ ነው የሚያውቀው። እኔ ከታላቅ ልጄ ጋር ገብቼ ወንበሩን በእጄ ዳሰስኩት። ይሄ የኛ ነው ወይ ብዬ። በ2010 ወረድን። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት አስታውሳቸዋለሁ፤ ሰው ከጨዋታ ሲመለስ አያወራም ነበር፣ እግሩን ብቻ ነው የምትሰማው። ከዚያ በኋላ ጊዮርጊስ ይመጣል፣ ቡና ይመጣል ብሎ መጠበቅ ቀረ። ሻይ ቤቱም፣ አልጋ ቤቱም፣ ማልያ የሚያዞረው ልጅም እኩል ነው የተጎዳው።

ስለዚህ እህቴ፣ "ለምን አይወርድም" ስትዪ ትንሽ አመመኝ። መውረድ የሚቀጣው ጥፋተኛውን አይደለም። ቡድን መሪውም ተጫዋቹም ሌላ ክለብ ያገኛል። ደጋፊው ነው እዚያው የሚቀረው። የወንድምሽ ቡድን ቢያንስ በሚቀጥለው ዓመት ያው ትልቁ ሊግ ላይ አለ፣ ልጁን ይዞ መግባት ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጁ ግን ልጅ ነው። አትጫኑት።

ሐይቅ ዳር

እኔ ካሁኑ ይቀይር ባይ ነኝ፣ በግልጽ ልናገር። ሁላችሁም "ታማኝነት" ልትሉ እንደሆነ አውቃለሁ። ታማኝነቱን የሚበላው ማነው? የክለቡ ባለቤት ጄሪ ሬይንስዶርፍ ከ1981 ጀምሮ አለ። ቺካጎ የሚያህል ከተማ ውስጥ ሆኖ፣ በዚያ በክፉው ዓመት በክለቡ ታሪክ ትልቁ የተጫዋች ውል 75 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሜትስ ሁዋን ሶቶን በ765 ሚሊዮን ነው ያስፈረመው። አስር እጥፍ! ደጋፊዎቹ ስታዲየም ውስጥ "ክለቡን ሽጠው" እያሉ ሲጮሁ ነበር። ሰሚ አላገኙም።

ይሄ የቆየ በሽታ ነው። በ1899 የክሊቭላንድ ቡድን ባለቤቶች የሴንት ሉዊስንም ክለብ ገዙና ሳይ ያንግን የመሰለ ጎበዝ ሳይቀር ምርጥ ምርጡን ወደዚያ አሻገሩ። የተረፉት ክሊቭላንዶች 20 አሸንፈው 134 ተሸነፉ። ኋይት ሶክስን "ከ1900 ወዲህ" የሚሉት ለዚህ ነው። ያ የተጫዋቾቹ ጥፋት ነው? የደጋፊው ነው? አይደለም። የባለቤት ነው። የ9 ዓመት ልጅ የባለቤትን ስስት ለምን ትምህርት ቤት ድረስ ተሸክሞ ይሄዳል? አንድ ሕፃን ኮፍያውን ቦርሳ ውስጥ ሲደብቅ እያየሁ "ጽና" ለማለት አንጀቴ አይችልም።

የጦሳ ልጅ

ሐይቅ ዳር፣ ስለ ባለቤቱ ያልከው ልክ ነው። የክሊቭላንዱን ግን ጨርሰው እንጂ ወንድሜ። ሰዉ ተናዶ መግባት አቆመ። ሰው ስለማይገባ ሌሎቹ ቡድኖች ለጨዋታ መምጣት አልፈለጉም፣ ክሊቭላንድ አብዛኛውን ጨዋታ በሰው ሜዳ እየዞረ ተጫወተ። ውድድሩ ሲያልቅ ክለቡም አለቀ። በባለቤቶቹ የተናደደው ሕዝብ ክለቡን ነው ያጣው።

ደግሞ ልጁ ወደ ካብስ ቢሄድ ከሐዘን ያመልጣል ያለው ማነው? ካብስ በ2016 ዋንጫ ያነሳው ከ108 ዓመት በኋላ ነው። አያት፣ አባት፣ ልጅ ጠብቀው ያላዩት አሉ።

እኔ የማልረሳው 121ኛውን ሽንፈት ነው። በእኛ አቆጣጠር የ2017 መስቀል ዕለት ነበር፣ እዚያ ሲመሽ እኛ ጋ ማግስቱ ገብቷል። ሌሊት ስልኬ ላይ ነበር የማየው። ዲትሮይት ውስጥ 4 ለ 1 ተሸነፉ። አሁን ይሄን አስቡት። ያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው ጨዋታ ዲትሮይት ከ2014 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፉ አለፈ። አንዱ ወገን እየተቃቀፈ ይዘላል፣ ሌላው ወገን ቦርሳውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባል። እና ያ የሚዘለው ዲትሮይት ማን መሰላችሁ? በ2003 119 ጊዜ የተሸነፈው ዲትሮይት ነው! ያኔ ሜትስን ላለመድረስ ከመጨረሻዎቹ 6 ጨዋታዎች 5ቱን አሸንፎ ነው በአንድ ሽንፈት ያመለጠው። በሦስተኛው ዓመት፣ በ2006፣ ለዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ሜትስም ከዚያ ከ120ው ሽንፈት ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1969 ሻምፒዮን ሆኗል።

ኋይት ሶክስም በመጨረሻው ሳምንት እጁን አልሰጠም። ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስን በሜዳው ሦስቴ ተከታትሎ አሸነፈ፣ ዲትሮይት ላይ ያንን አንዱን ተሸነፈ፣ ከዚያ ቀሪዎቹን ሁለቱን አሸነፈ። ክብረ ወሰኑ ከተሰበረ በኋላ ማለት ነው፣ ምንም የሚያተርፉት ሳይኖር። እኔ ብሆን ለልጁ የማሳየው እነዚያን ሁለት ጨዋታዎች ነው። 121ዱን ሁሉም ነግሮታል፣ እነዚያን ግን ማንም አልነገረውም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የጦሳ ልጅ እነዛን ሁለቱን በማንሳትህ ተባረክ፣ እኔም ረስቻቸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ2025 60 አሸንፈዋል። ከ41 60 ማለት 19 ጨዋታ ነው። ሽንፈቱ አሁንም 102 ነው፣ ልጁ ቢከፋው አልፈርድበትም። ግን ቁልቁለቱ ቆሟል።

ዘሃራ ከደሴ

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ትናንት ጁሙዓ ነበር፣ ወንድሜ እረፍት ስለነበረ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ስልክ ላይ ቆየን። የጻፋችሁትን አንድ በአንድ አነበብኩለት። ሐይቅ ዳር፣ ያንተ ላይ ሲደርስ "ልክ ነው፣ እኔም በባለቤቱ ተቃጥያለሁ" አለ። የኮፍያዋን ነገር ስደግምለት ግን ድምፁ ተሰበረ። ልጁን አስቀምጦ "የፈለግከውን ሁን፣ ካብስ ብትሆንም አብሬህ እሄዳለሁ፣ እኔ ግን እዚሁ ነኝ" እንዲለው ተስማማን።

ልጁ አጠገቡ ኖሮ ሁሉንም ሰምቷል። አማርኛው ደከም ያለ ነው ግን ይገባዋል። ስልኩን ተቀብሎ የዲትሮይቱን ሁለት ጨዋታ አልጠየቀኝም፣ ስለ ካብስም አላነሳም። "አክስቴ፣ ወልዲያ የኛ አገር ነው?" አለኝ። አዎ፣ ከደሴ በመኪና ሲኬድ ይደረሳል አልኩት። "አሁንም ይጫወታሉ?" አለ። ይጫወታሉ አልኩት። ትንሽ አሰበና "ሰውዬው አሁንም ይሄዳል?" አለኝ።

ጋሼ የወልዲያው፣ ይሄን አንቱ ነዎት የሚመልሱለት፣ እኔ ምን እንደምለው ቸገረኝ። ደግሞ ማልያ የሚሸጥ ሰው የሚያውቁ ከሆነ ይንገሩኝ። በሚቀጥለው ወር ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለን። የ9 ዓመት ልጅ ነው፣ ቀጭን ነው ግን ቁመቱ ረዘም ይላል።