ከ11 ወደ 22 የሚዘሉብኝ ተማሪዎች

ሰላም ናችሁ መምህራን? ፍኖተ ሰላም አካባቢ 4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። 58 ልጆች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ በቃ። መርጃ መሣሪያ ስለሌለን ስንደዶ ቆራርጠን ሦስት ማዕዘን እየቀጣጠልን መሥራት ጀመርን። የመጀመሪያው 3 ስንደዶ ይፈጃል። ቀጣዩ አንድ ጎን ስለሚጋራ 2 ብቻ ይጨመርለታል። 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11... እዚህ ድረስ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ደስ ሲል!

ችግሩ «10 ሦስት ማዕዘን ስንት ስንደዶ ይፈጃል?» ስላቸው ነው። አብዛኞቹ 22 ይላሉ። «5ቱ 11 ከፈጀ 10ሩ እጥፉ ነዋ!» አለችኝ አንዷ፣ ኮራ ብላ። ደርድረው ቆጠሩ፤ 21 ሆነ። እሷ ግን አንድ ስንደዶ ወድቆ ነው ብላ ዴስክ ሥር ገብታ ፈለገች።

ሠንጠረዥም ሞክሬያለሁ። ወደ ታች 2 እየደመሩ ይሞሉታል እንጂ የሦስት ማዕዘኑን ብዛት ከስንደዶው ጋር አያገናኙትም። «በ2 አባዙና 1 ደምሩ» ብላቸው ይሸመድዱታል፤ እሱን ደግሞ አልፈልግም።

ያቺ አንዷ ስንደዶ የት እንደገባች ሳልነግራቸው ራሳቸው እንዲደርሱበት ከምን ልጀምር?