የሉሲን ጉልበት እንዴት ላስተምር? እርዱኝ

ሰላም ጓዶች፣ ዩኒቨርሲቲ ኢቮሉሽንና የአጥንት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ተቸግሬያለሁ። የሉሲ የጭን አጥንት ጉልበቷ ጋ ወደ ውስጥ ዘንበል ማለቱ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ያሳያል ብዬ ሳስረዳ አንዷ ተማሪ «መምህር፣ ህፃን ሲወለድ እኮ ይሄ የለም፣ መራመድ ሲጀምር ነው የሚመጣው፣ ታዲያ ኢቮሉሽኑ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጭራሽ መራመድ ያልቻሉ ልጆች ላይ ይሄ ወደ ውስጥ የዘነበለው ማዕዘን አይፈጠርም፣ በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ጂኑ የሚወስነው አጥንቱ ጫና ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያድግ ነው ብላቸውም ክፍሉ አልተዋጠለትም። አጭርና ሰፊ ከሆነው የሉሲ ዳሌ ብጀምር ይሻል ይሆን? ደግሞ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ካስት (የአጥንቱ ቅጂ) የሚባል ነገር የለም፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተለቀቀውን የጉልበቷን ስሪዲ ፋይል ፕሪንት አድርጎ ያስተማረ ካለ በምን ማቴሪያል እንዳወጣው ይንገረኝ፣ በናታችሁ።