ሲኤስቪ ላይ አማርኛው ተዘበራረቀ፤ ሲስተካከል ደግሞ የመጀመሪያው ዓምድ ጠፋ

ጥያቄ
ከዳታቤዝ የወጣ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለያዩበት የጽሑፍ ፋይል) ኖትፓድ ላይ አማርኛው ደህና ነው፤ ኤክሴል ላይ ግን ዝብርቅርቁ ይወጣል። አድራሻቸው ውስጥ ኮማ ያለባቸው ረድፎችም አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ቦም (ፋይሉ መነሻ ላይ የሚገባ የማይታይ ምልክት) ያለው ዩቲኤፍ-8 (ፊደል በባይት የሚጻፍበት ኢንኮዲንግ) አድርጌ ሳስቀምጠው ኤክሴሉ ተስተካከለ፤ አሁን ደግሞ ፋይሉን የሚያነበው የፓይተን ኮዴ «መለያ የሚባል ዓምድ የለም» ብሎ ይቆማል። ራስጌው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምን ይሻላል?

መልስ 1
ዓምዱ አለ፣ ስሙ ላይ የማይታይ ነገር ተለጥፎበት ነው። ቦም ፋይሉ መነሻ ላይ የሚቀመጡ 3 ባይቶች ናቸው፦ 239፣ 187፣ 191። ኤክሴል በእነሱ ኢንኮዲንጉን ይለያል። ፓይተን ግን በተራ ዩቲኤፍ-8 ሲያነብ እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ ከመጀመሪያው ራስጌ ጋር ያጣብቃቸዋል። የስሙን ርዝመት ቁጠሩት፤ «መለያ» 3 መሆን ሲገባው 4 ይመጣል። ስታነቡ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በሉት። ቦም ካለ ያነሳዋል፣ ከሌለም አይጎዳም።

ዝብርቅርቁን በተመለከተ፦ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያውም ሁሌ 225 ነው። ኤክሴል በምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ካነበበው በየፊደሉ መነሻ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» ትደጋገማለች። ይህን ካያችሁ ዳታው አልጠፋም፣ አነባበቡ ነው የተሳሳተው። በዚያ ሁኔታ ግን በፍጹም ሴቭ እንዳታደርጉት! ስህተቱ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል።

መልስ 2
ኮማዎቹን በእጅ አትሰርዙ፣ ዳታ ማጥፋት ነው። የሲኤስቪን አጻጻፍ በሚገልጸው አርኤፍሲ 4180 በሚባል ሰነድ መሠረት ኮማ፣ ጥቅስ ወይም አዲስ መስመር ያለበት እሴት በድርብ ጥቅስ ይከበባል፤ ውስጡ ያለ ጥቅስ ይደገማል፦

መለያ,አድራሻ,ዕቃ
17,"ሕንፃ 4, ሁለተኛ ፎቅ","ባለ 15"" ስክሪን"

የእኛ ነጠላ ሰረዝ (፣) ሌላ ምልክት ስለሆነ ዓምድ አይከፍልም። ፓይተን ላይ መስመሩን በኮማ መሰንጠቅ ትታችሁ የሲኤስቪ ሞጁሉን ተጠቀሙ። ስትጽፉ ፋይሉን በሚከፍተው ትዕዛዝ ላይ «ኒውላይን» የሚለውን ባዶ አድርጉት፤ አለዚያ ዊንዶውስ ላይ በየረድፉ መሃል ባዶ መስመር ይገባል።

መልስ 3
አንድ ልጨምር፦ የመጀመሪያው ራስጌ በትልልቆቹ የላቲን «አይ» እና «ዲ» ከጀመረ ኤክሴል ፋይሉን «ሲልክ» የሚባል የድሮ ፎርማት ነው ብሎ ስህተት ያሳያል። በትንንሾቹ መጻፍ ይበቃል።

በ0 የሚጀምሩ ቁጥሮች ካሉም ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ ኤክሴል 0ውን ይጥለዋል፣ ጥቅስም አያድናቸውም። በ«ዳታ» ሜኑ ከጽሑፍ/ሲኤስቪ አስገቡ፤ የፋይሉ ምንጭ ላይ 65001 (ዩቲኤፍ-8) ምረጡ፣ ከዚያ ያንን ዓምድ «ጽሑፍ» አድርጉት።